መቶ ሃያ ቢጫ መልሶች

ጥር 6፣ ሰኞ

ከዛሬ ጀምሮ ማስታወሻዬን በኮምፒውተር እጽፋለሁ። የደብተር ፋብሪካዎች መስመር ማተም ትተዋል። ወይም ያትማሉ፣ ቀለሙን ግን ለራሳቸው ያስቀሩታል። ትናንት የጻፍኩት ከትናንት ወዲያ በጻፍኩት ላይ ወጥቶ ተኝቶ አገኘሁት። እዚህ ግን ፊደሉን የፈለግሁትን ያህል አደርገዋለሁ። ሠላሳ ስድስት አድርጌዋለሁ፤ ግርማ ሞገስ አለው።

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው (ማን ሊያነበው እንደሆነ እንጃ)፦ የሙያ ፈተና በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ አራሚ ነኝ፤ ሥራውን ከጀመርኩ ሃያ ሰባት ዓመቴ። ማንኛውም የፈተና ደብተር ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት በመጨረሻ የሚያልፈው በእኔ በኩል ነው። እኔም ከግርጌው «አይቻለሁ» ብዬ እፈርማለሁ። ያለዚያች ቃል አንድ ገጽ ከቢሮ አይወጣም። የሥራ ባልደረቦቼ ጭልፊቷ ይሉኛል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቦታዋን ስትስት ከበሩ ሆኜ አያታለሁ ይባላል። ማስተባበል ደግ አይደለም።

የዛሬው ወሬ፦ በሚቀጥለው ሳምንት ዓይነ ስውር የሆነች አራሚ ትጀምራለች። አለቃችን ይህን ሲነግረን ድምፁን ዝቅ ከማድረጉ የተነሳ መርዶ የመጣብን መስሎኝ ነበር። ለዚህ ሲባል ረቡዕ «ኮምፒውተር ለሁሉም» የሚል ሥልጠና አለ። ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ሁለት ዓይን አለኝ፣ ተመስገን።

ጥር 8፣ ረቡዕ

ሠለጠንን። ስለ ደካማ ዓይን የሚያስረዳው ስላይድ የተጻፈው ጉንዳን በምታህል ፊደል ነበር። ከኋላ ስለተቀመጥኩ አልታየኝም። ከፊት ለተቀመጡትም እንዳልታያቸው አምናለሁ፤ ጨዋ ስለሆኑ ዝም አሉ እንጂ።

የኮምፒውተር ባለሙያችን፣ ያ መላጣው፣ ብዙ ነገር አሳየን። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሁለት ቁልፍ አብሮ መጫን ሳይኖርበት አንድ በአንድ የሚጫንበት አለ። ጆሮው ለከበደ ሰው ድምፅ በመጣ ቁጥር ስክሪኑ ብልጭ ይላል። በንግግር ማዘዝም ይቻላል ብሎ ኮምፒውተሩን ፋይል ክፈት ሲለው ኮምፒውተሩ ስላይዱን ዘጋው። ከሥልጠናው ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

ማጉያም አለ። ከኪቦርዱ ግርጌ በስተግራ ያለችውን ቁልፍ ከመደመር ምልክት ጋር ሲጫኗት ሁሉ ነገር ይገዝፋል። ሌላው ደግሞ ገጹን ጥቁር፣ ፊደሉን ነጭ ያደርገዋል። ቁልፎቹን ከወረቀቴ ጀርባ ጻፍኳቸው። ለወሬ ያህል ነው።

ጥር 13፣ ሰኞ

አዲሷ መጣች። ጠረጴዛዋ ከጎኔ ነው። ሠላሳ የሞላት አይመስለኝም፣ አነጋገሯ ቀስ ያለ ነው፣ የታጠፈ ዘንጓን መሳቢያ ውስጥ አስገብታ ጆሮ ማዳመጫዋን ሰካችና ሥራ ጀመረች። ስክሪኗን አታበራውም። አለቃችን ሁለት ጊዜ በአጠገቧ ሲያልፍ ሁለቱንም ጊዜ «ኮምፒውተርሽ እኮ አልበራም» አላት። ሁለቱንም ጊዜ አመሰገነችው።

ጽሑፉን የሚያነብላት ስክሪን ሪደር የሚሉት ነው። ድምፁን ለአፍታ አሰማችኝ። ሰው እንደዚያ ፈጥኖ ቢያወራ ውኃ ይደፉበት ነበር። እሷ ግን እያንዳንዱን ቃል ትይዘዋለች።

ቀጥሎ ድርጅቱ ስለ አካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ያወጣው ደብዳቤ በኢሜይል ደረሳት። ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ነው የላኩት። ማሽኗ «ምስል» አለ። ወደ ሁለተኛው ገጽ ስትሄድ «ምስል» አለ። ሦስተኛውም ያው። ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ተደራሽነት ቅድሚያ የምንሰጠው ጉዳይ ነው ይላል አልኳት። አላነበብኩትም፣ በግምት ነው የነገርኳት፤ በዚያ ሰዓት ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን ያንጸባርቃል። ደግሞ ሌላ ምን ሊል ይችላል?

ጥር 16፣ ሐሙስ

በችኮላ። ጎረቤቴ ተቀይማኛለች። መንገድ ላይ ፊት ለፊት አልፌያት ሰላም አላልኳትም አሉ። ለባለቤቴ ነው የነገረችው፣ ኮራች ብላ። ሰው ሐሳብ አይኖረውም ወይ?

አለቃችንን ሳናግረው ጆሮውን ማየት ጀምሬያለሁ። ጆሮውን ሳይ ፊቱ ይታየኛል፣ ፊቱን ሳይ ግን ይጠፋል። ከዚህ የተሻለ አለቃ የት ይገኛል።

ጥር 21፣ ማክሰኞ

ትልቁ ሥራ ደረሰ። የኤሌክትሪክ ቴክኒሻኖች የብቃት ፈተና ነው፣ መቶ ሃያ ጥያቄ። አሠራራችን እንዲህ ነው፦ ጥያቄ አውጪዎቹ ትክክለኛውን መልስ በቢጫ ቀልመው ይልኩታል፣ ኮሚቴው ያየዋል። ከዚያ ገጽ አቀናባሪያችን ቢጫውን አጥፍቶ ንጹሑን ቅጂ ለእኛ ይሰጠናል። አዲሷ በጆሮዋ ቃሉን ትፈትሻለች፣ እኔ በዓይኔ የቀረውን።

አዲሷ ሳንጀምር ወደ እኔ ዞረችና «እትዬ፣ የኔ ማሽን ጽሑፉን እንጂ ቀለሙን አይነግረኝም። ቀለምና ሥዕል የእርስዎ ነው፣ እሺ?» አለችኝ።

እሺ አልኳት። እንዴት እሺ አልልም? ጭልፊት እኮ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ልጅቱ ጎበዝ ናት። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ምርጫው የተደገመ ሦስት ጥያቄ አገኘች፤ አንዱ ኮሚቴውን ሁለት ጊዜ ያለፈ ነው። የተቀጠረችው ለሦስት ወር ሙከራ ነው። አለቃችን «እስኪ እናያታለን» ይላል በየስብሰባው። ምን ሊያይ እንደሚጠብቅ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ፣ ያለፈውን ሥራዬን እየጨረስኩ ሳለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ማጉያውን ስድስት ጊዜ ነው የሚጫኑት፤ ኪቦርድዎ ይሰማኛል» አለችኝ። ጣቴ ተይዞብኝ ነው አልኳት። ሰው ጆሮ ሲኖረው እንደዚህ አስቸጋሪ ነው።

ጥር 24፣ ዓርብ

እሰይ! የቴክኒሻኖቹን ፈተና ከመክፈቴ በፊት ያንን ጥቁሩን አበራሁት። ስክሪኑ ጨለመ፣ ፊደሎቹ ነጭ ሆነው ብቅ አሉ፤ የበጋ ኮከብ ይመስላሉ። ሰባት ወር ሙሉ ያላነበብኩትን ያህል በአንድ ቀን አነበብኩ። (ሰባት ወር ያልኩት እንዲሁ ነው። መብራት ኃይሉ እየደከመ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለም።)

አቀናባሪው በአጠገቤ ሲያልፍ ምን ሆኖ ነው የጠቆረው አለኝ። ፋሽን ነው አልኩት። አመነኝ።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

አለቀ። መቶ ሃያውም። ማተሚያ ቤቱ በር ላይ መኪና አቁሞ ይጠብቃል፣ አለቃችን አናቴ ላይ ቆሟል። ገጹን እስከ ግርጌ አየሁ። ጥቁርና ነጭ፣ ጥርት ያለ። «አይቻለሁ» ብዬ ፈረምኩ። አዲሷም የበኩሏን ጨርሳለች። ሻይ አጠጣኋት።

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

ባለቤቴ ሳይጠየቅ የሳሎኑን አምፖል ቀየረው። በፊት ከነበረው እጥፍ ነው፤ ጣሪያችን ላይ ፀሐይ ገባች። ለምን አልኩት፣ ረከሰልኝ አለ። ጡረታ የወጣ ሾፌር ሥራ ሲያጣ አምፖል ይገዛል።

መሳቢያ ሳጸዳ የዓይን ሐኪሙ ካርድ ወጣ። «በሁለት ሳምንት ተመለሺ» ይላል፣ ቀኑም ባለፈው ሰኔ ነው። ሐኪም ሁሉ ተመለሽ ማለት ይወዳል። መልሼ ካልሲ ሥር አስቀመጥኩት።

የካቲት 11፣ ሰኞ

ጉድ ፈላ።

ፈታኞቹ ናሙና ደብተር ከፍተው ሲያዩ በየጥያቄው ትክክለኛው መልስ ግራጫ ጥላ ተደርጎበት አገኙት። የመቶ ሃያውም። ቢጫው በጥቁር ማተሚያ ግራጫ ሆኖ ነው የወጣው። ለቴክኒሻኖቹ ከዚህ የበለጠ ቸርነት ያደረገ ድርጅት ታሪክ አያውቅም። ፈተናው ተራዘመ፣ ደብተሩ በሙሉ ተቆራርጦ ሊጣል ነው፣ ጥያቄውም እንደ አዲስ ሊወጣ ነው።

አቀናባሪው ሁለት ፋይል በአንድ ስም አስቀምጦ ኖሯል፤ የኮሚቴውን ቅጂ ነው የሰጠን። ላብ አጠመቀው። ግን እሱ እኮ ከኋላው የመጨረሻ አራሚ አለ ብሎ ነው።

እኔ ግን ቢጫ አላየሁም። በነፍሴ እምላለሁ፣ አንዲትም ቢጫ አልነበረም።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

ሰው ሳይገባ ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። ያንኑ ፋይል ከፈትኩ። ጥቁርና ነጭ፣ ንጹሕ። ከዚያ ጥቁሩን አጠፋሁት።

ቢጫ። ከላይ እስከ ታች ቢጫ። መልሼ አበራሁት፣ ጠፋ። አጠፋሁት፣ መጣ። ጥቁሩ መደብ ሁሉን ነገር ጥቁርና ነጭ የሚያደርገው ሌላውን ቀለም በሙሉ እየደፈጠጠ ነው። ባለሙያው በሥልጠናው ላይ ይህን ተናግሮ ይሆናል፤ እኔ ቁልፍ እየጻፍኩ ነበር።

አዲሷ ገብታ ደህና አደሩ ስትለኝ ቶሎ ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት አላውቅም። እሷ እንደሆነች አታየው።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

ሻይ ክፍል በር ላይ ነበርኩ፣ ሁለት ድምፅ ከውስጥ። አንዱ የአለቃችን ነው። «እኛ ዕድል ሰጥተናታል። ያለ ዓይን የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ አሁን ለሁሉም ግልጽ ሆነ» ይላል። ሌላው፣ አቀናባሪው መሰለኝ፣ አይ ምስኪን ሲል ሰማሁት። እፎይታ ያለበት ምስኪን ነው።

ማንም የእኔን ስም አላነሳም። «አይቻለሁ» የሚለው ፊርማዬ ግርጌው ላይ ቁጭ ብሏል፣ ግን ጭልፊቷን ማን ይጠረጥራል? ዓይነ ስውር ያለበት ክፍል ውስጥ ያልታየ ነገር ሲገኝ ምርመራ አያስፈልግም። እንዴት ያለ ምቹ ነገር ነው።

ሻዬን ሳልጠጣ ተመለስኩ። አዲሷ ስለ አዲሱ ጥያቄ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት። ድምፄ ደህና ነበር።

የካቲት 18፣ ሰኞ

ዛሬ በቀጥታ ጠየቀችኝ። ቀለሙን እርስዎ አላዩትም ወይ አለችኝ። ነገሩ ገና እየተጣራ ነው አልኳት። እየተጣራ ነው! የሚያጣራው ማን እንደሆነ ብትጠይቀኝ ምን ልላት ነበር? አልጠየቀችም። ጆሮ ማዳመጫዋን መልሳ አደረገች።

ምሳ ከእኔ ጋር መብላት ትታለች። እኔም ሥራ በዝቶብኛል።

ነገሬን አስቤበታለሁ። እኔ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ከዚህ ሌላ ሥራ አላውቅም። እሷ ወጣት ናት፣ ሌላ ቦታ ታገኛለች። እዚህ ለመግባት አርባ አንድ ቦታ አመልክታ እንደነበር ግን ራሷ ነግራኛለች። አርባ ሁለተኛው የት እንዳለ ብነግራት ደግ ነበር።

የካቲት 20፣ ረቡዕ

አለቃችን ጥፋቱ የአዲሷ ነው የሚለውን ሪፖርት ጽፎታል። ዓርብ ሦስታችን፣ እሱ፣ እኔና እሷ፣ ተቀምጠን እንፈራረማለን። እኔ የምፈርመው እንደ ምስክር ነው። እርስዎ ብዙ አይጨነቁ እትዬ፣ አጭር ነው አለኝ። ቸር ሰው ነው፣ ጆሮው ላይ ያስታውቃል።

የካቲት 22፣ ዓርብ

በደንብ ልጻፈው።

ስብሰባው አምስት ሰዓት ላይ ነበር። አለቃችን ለሦስታችንም አንዳንድ ወረቀት አደለን። ለእሷም። ወረቀት! እሷ ጣቷን ጠርዙ ላይ አሳለፈችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እኔ የኔን ዝቅ አድርጌ አየሁት። መሐሉ ላይ ያ ጭጋግ ነበር፤ ወዲያ ወዲህ ባዞረውም አብሮኝ ይዞራል። ከዳር ዳር ጥቂት ፊደሎች አሉ። እስክሪብቶ ተሰጠኝ። የት ጋ እንደምፈርም በጣቱ አሳየኝ፣ ጣቱ ታየኝ።

እሷ «ሳልሰማው አልፈርምም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎ ያንብቡልኝ።»

በግምት ልነግራት እችል ነበር፤ ሃያ ሰባት ዓመት ስንት ሪፖርት አንብቤያለሁ፣ እንዴት ተጀምሮ እንዴት እንደሚያልቅ አውቀዋለሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለስኩት። ከዚያ አልችልም አልኩ።

አለቃችን ራራልኝ። ልብዎ እንደሚነካ ይገባኛል አለ።

«ልቤ አይደለም፣ ዓይኔ ነው» አልኩት። «ማንበብ ካቃተኝ ስምንት ወር ሆኖኛል። ጥቁሩን መደብ አብርቼ ነው የሠራሁት፣ እሱ ቢጫውን ያጠፋዋል። ቀለሙን እንዳይ የነገረችኝ እሷ ናት፣ እሺ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ሳላይ አይቻለሁ ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። እሷ ያጠፋችው ነገር የለም።»

አለቃችን ምን እንዳደረገ አላውቅም፤ ቀጥታ ፊቱን ነበር የማየው።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሳህኑን እያጠበ ነበር፣ ሳይዞር የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ ለሐሙስ ተይዟል አለኝ። ካርዱን ከካልሲ ሥር ካገኘው አንድ ወር ሆኖታል። ጠብቆኝ ነው። አለቀስኩ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

የካቲት 25፣ ሰኞ

ውሳኔው ደረሰ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከእንግዲህ ብቻዬን አልፈርምም። ለአቀናባሪው ምክር። እሷ ሦስቱ ወር ሳይሞላ ሙከራዋን አልፋለች፤ አለቃችን ራሱ መጥቶ «ከመጀመሪያውም አምነንሽ ነበር» አላት። ከሁላችን የሚያምር ድፍረት ያለው እሱ ነው።

ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር? ጠብቄያለሁ፣ ልዋሽ አልችልም። ወንበሯን ወደ እኔ አዙራ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ተናገረች። «አሥራ አንድ ቀን ነው ዝም ያሉት። እኔ አሥራ አንድ ቀን ቤቴ ገብቼ ምን እንዳመለጠኝ ለማግኘት መቶ ሃያውን ጥያቄ እየደጋገምኩ ሳዳምጥ ነበር።»

ቀልድ አፌ ላይ መጣ፣ መለስኩት። ይቅርታ አልኳት። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛዋ መልሳ አዞረች።

የካቲት 28፣ ሐሙስ

ሐኪሙ የሕመሜን ረጅም ስም ነገረኝ። መሐሉ ይሄዳል፣ ዳር ዳሩ ይቀራል አለ። ቀደም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ ብሎ ጀምሮ ተወው። በመነጽር የሚሆን አይደለም። ባለቤቴ መንገዱን በሙሉ እጄን ይዞ መራኝ፤ አያስፈልግም ነበር፣ አልነገርኩትም።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

ትናንት አዲሷ በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ውስጥ ምን እያሰብኩ እንደነበር ማወቅ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። በቃሌ ብነግራት ማሳመሬ አይቀርም። ስለዚህ ይህን ፋይል ላኩላት። ሙሉውን፣ ስለ እሷ የጻፍኩትንም፣ ሌላ ሥራ ታገኛለች ያልኩበትንም ሳልቀንስ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዛሬ ጠዋት ጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ስታዳምጠው ከጎኗ ቁጭ ብዬ ነበር። በዚያ ፍጥነቷ ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም። ጥሩ ጥሩ የመሰሉኝን ቦታዎች በልቤ እየቆጠርኩ፣ አሁን ትስቃለች፣ አሁን ትስቃለች እያልኩ ጠበቅኩ። አንዴም አልሳቀችም። ሲያልቅ ማዳመጫውን አወለቀች።

«ማሽኔ ሽሙጥ አይለይም፣ እትዬ» አለችኝ። «የሚያስቅ ቦታ ይኖረው ይሆናል። ለእኔ ያነበበልኝ ግን የፈራች ሴት ነው።»

አዎ ፈርቼ ነበር፣ አሁንም ፈርቻለሁ አልኳት።

ገና እንደተቀየመችኝ ነው፣ ራሷ ነግራኛለች። ቢሆንም ወንበሯን ወደ ጠረጴዛዬ ሳበችና ስክሪኑን እንዳጠፋው፣ በጆሮ ማንበብን ከመጀመሪያው ቁልፍ እንደምንጀምር ነገረችኝ። አጠፋሁት።